እሜቴ የተባለችው ምንሽር

በአንድ ወቅት፣ ጠመንጃ በጥማድ በሬ በሚለወጥበት ዘመን፣ ወንድይፍራው የሚባል ገበሬ ነበረ። መሬቱ ደህና ነው፤ ጉልበቱ ደህና ነው፤ ሚስቱ የሻረግማ እንኳን ለአንድ ለሁለት ባል የምትበቃ ሴት ናት። አንድ አመል ብቻ ነበረበት። አሮጌ ብረት ካየ ልቡ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ፈረንጆች በየጦርነታቸው ተዋግተውበት፣ ሲበቃቸው በመርከብ ጭነው ወደኛ የሰደዱትን ትርፍ ጠመንጃ ሁሉ እየለቀመ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ውጅግራ አለ፣ አልቤን አለ፣ ናስማስር አለ። የአንዱ ሰደፍ ተሰንጥቋል፤ የአንዱ አፈሙዝ ዝጓል፤ ያንደኛው ጥይት ካገር ከጠፋ ሰንብቷል። እሱ ግን እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ አንድ በአንድ ያወርድና በበግ ሞራ ያሻቸዋል።

የሻረግ ታዲያ ዝም ብላ የምታይ አልነበረችም።

«ልጆችህ እግራቸው ተሰነጣጥቆ የሚቀባ አጥተው፣ አንተ ሞራውን ለብረት ትቀባለህ?»

«ብረት ሲዝግ ነውር ነው።»

«ሚስትስ ስትዝግ?»

ወንድይፍራው ወደ ሞራው ተመለሰ። ወንድ መልስ ሲያጣ ብረት ይወለውላል።

ሦስት ልጆች ነበሩት። ታላቁ አንሙት፣ መካከለኛዋ ዓይናዲስ፣ ታናሹ ልየው። ክርክሩ የነሱ ነውና ስማቸውን ያዙ። ማን ምን እንዳደረገ በየተራው እነግራችኋለሁ፤ ሳልጨርስ የሚፈርድ ሰው ካለ ግን ጆሮውን ሳይሆን አፉን ይዞ የመጣ ነው።

መጀመሪያ የአንሙት ነው።

አንድ ዓመት የወንድይፍራው ወንድም ሞተ። እኛ አገር በወንድ ለቅሶ ላይ ዘመድ ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል፤ እየፎከረ መሐል ሜዳ ይደርስና ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ያልተኮሰ ሰው ሟቹን አላከበረም ይባላል። ወንድይፍራውም ከግድግዳው ሁሉ ትሻላለች ያላትን ውጅግራ ይዞ ወጣ። ፎከረ፣ አቅራራ፣ ቃታ ሳበ። ጠመንጃዋ «ጥሽ» አለች። ከአልቃሾቹ አንዷ ፈጥና «ይማርሽ!» አለቻት። ለቀስተኛው ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ፤ በወንድሙ ሬሳ ፊት።

ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እህል አልቀምስም አለ። ለካስ ገበያ ላይ አንዲት ምንሽር አይቷል። ከመጡት ትርፍ ብረቶች ሁሉ ያልተነካች፣ እንጨቷ እንደ ማር የሚያበራ፣ ጥይት መጉረሻዋ አናት ላይ የዘውድ ምልክት የተቀረጸባት። ዋጋዋ ጥማድ በሬ ነው። እሱ ደግሞ የነበሩትን በሬዎች በየተራ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ጨርሷቸዋል።

አንሙት ከለቅሶው በኋላ ወደ እርሻው ተመልሷል። ወሩ ሰኔ ነው፤ መሬቱ ርሷል። ቦራና ዳልቻ የሚላቸው ሁለት በሬዎቹ የአባቱ አይደሉም፤ ጎጆ ሲወጣ እንዲያርስባቸው ከጥጃነታቸው ጀምሮ ራሱ ያሳደጋቸው ናቸው። እጮኛ አለው፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። እናቱ ምሳ ይዛለት ሄደችና የምንሽሯን ነገር ጨምራ ነገረችው።

«አባትህ እህል አልበላም ብሏል።»

«እስከ መቼ?»

«የወንድሙ ሙት ዓመት እስኪደርስ ነዋ! እኔ ምን አውቃለሁ?»

አንሙት ምሳውን አልነካም። ቦራንና ዳልቻን ከቀንበር ፈታ። ሞፈሩን ከነእርፉ ትልሙ ላይ እንዳለ ትቶ በሬዎቹን ወደ ገበያ ነዳቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ በትከሻው ምንሽር ይዞ ገባ።

«አባዬ፣ እንካ። አሁን እህል ብላ» አለው።

ወንድይፍራው ብረቷን አቅፎ አለቀሰ። ስም አወጣላት፤ «እሜቴ» አላት። የሻረግ ይህን ሰምታ፣ «የወለድኩለት እኔ አንቺ፣ ብረቷ እሜቴ። ይሁን!» አለች። ሙት ዓመቱ ሲደርስ እሜቴ ሜዳው መሐል ጮኸች፤ ተራራው መለሰላት፤ ዳግመኛ የሳቀ አልነበረም።

የእጮኛው አባት ግን «በሬ የሌለው አማች በምን ያርስልኛል? በጥፍሩ?» ብሎ ልጅቱን ለሌላ ዳረ። አንሙት ከዚያ ወዲህ በሰው በሬ እኩል እያረሰ ይኖራል፤ ከሚያፍሰው ግማሹ ለባለ በሬው ነው። ያቺንም ልጅ በየበዓሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ የሌላ ሰው ልጅ አዝላ ያያታል። «ደህና ነሽ?» ይላታል። «ደህና ነህ?» ትለዋለች። ይኸው ነው።

ሁለተኛው የዓይናዲስ ነው።

ዋጋ እንደ ክረምት ወንዝ ነው፤ ጠዋት የተሻገርከው ማታ ይወስድሃል። መንግሥት ተለወጠና ክላሽ መጣ። ክላሽ የመጣ ዕለት የአሮጌ ብረት ነገር አበቃ። ጥማድ በሬ የወጣባት ምንሽር፣ ቀጥቃጭ ቤት ብትወሰድ ከእሳት የሚወጣላት አንድ ማረሻ ነው ተባለ። ቀጥቃጩም ጆንያውን ይዞ በየአጥሩ «አሮጌ ብረት ያለው!» እያለ ይዞር ጀመር። አንድ ዘመን ሰው የተገዳደለባቸው ጠመንጃዎች የገብስ መሬት ሲቆፍሩ አየን። ይህ ሳያንስ «መሣሪያ ያለው ያስረክብ» የሚል ዐዋጅ ተነገረ።

ወንድይፍራው ግድግዳውን አራቆተ። ሁሉንም ተሸክሞ ሄዶ አስረከበ፤ ችካሎቹ ብቻ ቀሩ። እሜቴን ግን አልቻለም። መዝጊያዋን፣ ማለት ጥይት አጉርሶ የሚቆልፋትን ብረት፣ ከገላዋ ነቀለና ቆላ ላለ ወዳጁ በአደራ ሰጠ።

«መዝጊያ የሌላት ጠመንጃ ዱላ ናት፤ ዱላ የያዘ አይታሰርም» አለ። የወንድ ብልሃት!

ገላዋን በጋቢ ጠቀለለና ገና አምና ወደ ተዳረችው ልጁ ቤት ወሰዳት።

«ልጄ፣ ደብቂልኝ።»

«አባዬ፣ ቀጥቃጩ እንኳ የሚያቅማማባትን ብረት?»

«ወንድምሽ ጎጆውን የከፈለባት ናት።»

ዓይናዲስ ይህን ከሰማች በኋላ ሌላ ቃል አልጨመረችም። መጥረቢያ አነሳች። የጠፍር አልጋዋን የአንድ ጎን አግዳሚ እንጨት ነቅላ አወጣችና በእሱ ፋንታ እሜቴን አጋደመች። ጠፍሩን በላይዋ መልሳ ወጠረች፣ ቁርበት አነጠፈች፣ ተኛችበት። ባሏ እንኳ ጎኑን እየቆረቆረው ምን እንደሆነ አላወቀም።

ጠቋሚ አይጠፋምና ታጣቂዎች መጡ። ጎተራውን ዘረገፉ፤ የጣሪያውን ሣር ወጉ፤ የምድጃውን አመድ ዛቁ። አንደኛው ደክሞት አልጋው ላይ ቁጭ አለና ውኃ ስጪኝ ብሎ ጠጣ። እሜቴ ላይ ተቀምጦ እሜቴን ይፈልጋል!

«አባትሽ ያስቀራት የት አለች?»

«አባቴ ያለውን አስረክቧል። እኔ ያለኝ ይኸው ሆዴ ነው» አለች። መውለጃዋ ቀርቦ ነበር።

በሰደፍ መቷት። አልተናገረችም። ደገሟት። አልተናገረችም። ሲሰለቻቸው ሄዱ። ልጁ ያለ ጊዜው መጣ፤ አላለቀሰም።

ባሏ ሬሳውን ቀብሮ ሲመለስ አልጋው ሥር ያለውን ነገር ነገረችው። ሰውዬው ቆሞ ሰማት። «ለማረሻ ብረት ልጄን ሰጠሽ» አለና በዚያው ወጣ። እግዜርም ሌላ ልጅ አልሰጣትም። አልጋዋን አሸክማ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች፤ ከጓዳ ተጠግታ የሰው ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች። የጓዳው በር መዝጊያ የለውም፤ ዶሮውም ውሻውም፣ የጎረቤትም ልጆች፣ ማንም ገብቶ ማንም ይወጣል። እሷ በእግር ኮቴ ሁሉ ትደነግጣለች።

አስቡት እንግዲህ፤ ያን ዕለት እሜቴ የአንድ ማረሻ ዋጋ ነበራት።

ሦስተኛው የልየው ነው።

ዘመን አለፈ። ዐዋጁም ያወጁትም ተረሱ። አንድ ቅዳሜ ከከተማ አንድ ነጋዴ በመኪና መጣና ገበያው ዳር ቆሞ «አሮጌ ጠመንጃ እገዛለሁ፤ ባረጀ ቁጥር ይሻለኛል» አለ። ሰው ሳቀበት። አንዲት ጎምቱ ሴት «ልጄ፣ አሮጌ ሴትም የምትገዛ ከሆነ እኔን አስቀድመኝ» አለችው። ሰውዬው ግን የምሩን ነው። የከተማ ሀብታሞችና የውጭ አገር ሰዎች እያሰባሰቡ ለጌጥ ይሰቅሏቸዋል አለ። ከዚያ ሁሉም ማረሻ ያስደረገውን ብረት እያሰበ ጥርሱን ነከሰ።

ዓይናዲስ አልጋዋን ፈታች። ነጋዴው እሜቴን ተቀብሎ አገላበጣት፤ የዘውዱን ምልክት በአውራ ጣቱ ጠረገው፤ ፊቱ በራ። ወዲያው መዝጊያዋ ከነበረበት ባዶ ቦታ ሲደርስ ጠቆረ።

«ይቺማ ሬሳ ናት» አለ። «እዩ፣ ገላዋ ላይ ቁጥር አለ። መዝጊያዋም ላይ ይኸው ቁጥር ነበረ። ያንኑ ካመጣችሁ የአራት በሬ ዋጋ እከፍላለሁ። የሌላ ብትገጥሙባት ግን እንዳትደክሙ፤ አውቃለሁ።»

ወንድይፍራው ያን ጊዜ አልጋ ይዟል። የቆላው ወዳጁም ከሞተ ቆይቷል። አንሙት «አለቀ» አለ። ዓይናዲስም አልጋዋን መልሳ መወጠር ጀመረች። ልየው ግን ስንቁን ቋጠረ። በማግስቱ ቆላ ወረደ።

የወዳጁን ባልቴት አገኛት። መዝጊያዋም አለች፤ ሴትየዋ ጨው ትወቅጥባታለች።

«እናቴ፣ ይህ ብረት የአባቴ አደራ ነው።»

«አደራ የተቀበለው ባሌ ነው። ሂድና እሱን ጠይቀው፤ መቃብሩ ያውልህ።»

«ሌላ የተሻለ መውቀጫ ላምጣልዎት።»

«እጄ ይቺን ለምዷል። ወንድ ልጅ የለኝም፤ ማሽላዬን ወፍና ዝንጀሮ ሊጨርሰው ነው። ጠብቅ፣ እጨድ፣ ውቃ፣ ጎተራ አስገባ። ያን ጊዜ ከነጨውዋ ውሰዳት።»

ልየው ማማ ላይ ወጣ። ወፉን በወንጭፍ፣ ዝንጀሮውን በጩኸት እያባረረ ሰነበተ። ዛላው ሳይበስል ወባ ያዘው። «የደጋ ልጅ ነህ፣ ተመለስ፣ ትሞታለህ» ሲሉት «ስጨርስ» ይላል። እየተንቀጠቀጠ ጠበቀ፣ እየተንቀጠቀጠ አጨደ፣ እየተንቀጠቀጠ ወቃ። የመጨረሻው ስልቻ ጎተራ ሲገባ ባልቴቷ መዝጊያዋን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችው። «አንተ ልጅ፣ ለብረት ይህን ያህል ከሆንክ ለሰው ምን ልትሆን ነው?» አለችው። መዝጊያዋን በክር አስሮ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አጠለቃት። ወባው ግን ከደሙ አልወጣም፤ እስከ ዛሬ ደመና ሲያይ ይርዳል፤ ሙሉ ቀን የሠራበት ቀን የለም።

ቤት ደረሰ። መዝጊያዋን ገላዋ ውስጥ ገፋት። «ቀጭ» አለች። ወንድይፍራው ከተኛበት ሳቀ። በሽታ ከያዘው ጀምሮ ያኔ ብቻ ነው የሳቀው።

እዚህ ላይ ቢሞት ጥሩ ነበር። ግን ንስሐ አባቱን መምሬ ፈንታን አስጠራ። ሽማግሎችም ገቡ።

«መሬቱ ለሚስቴ» አለ። «እሜቴ ግን ለሚገባው ልጄ ትሁን።»

«ለየትኛው?» አሉ መምሬ ፈንታ።

«ለሚገባው። ገላዋን ነጣጥሎ የወረሰ፣ ዋጋዋንም ሸንሽኖ የተካፈለ፣ ግዝት ይሁንበት።»

«አንተ ሰው፣ ስም ጥራ እንጂ!»

ስም አልጠራም። ትንፋሹ ወጣ።

የሻረግ ደረቷን ሳትመታ በፊት የተናገረችው ይህን ነው፦ «ሲኖር ብረት ሰበሰበ፤ ሲሞት ልጆቼን በተነ።»

ለቅሶው ላይ እሜቴ ጮኸችለት። ከዚያ ሽማግሎቹ ብሳናው ሥር ተቀመጡ። ሦስቱ ልጆች ፊት ለፊት ቆሙ። አንሙት የእሜቴን ማንገቻ ይዟል፤ ጠፍሩን ከቦራ ቆዳ ላይ ያስቆረጠው እሱ ነው፤ በሬው በሰው ቤት ሲታረድ ቆዳውን ለምኖ። ገላዋ ዓይናዲስ አልጋ ሥር ናት። መዝጊያዋ ልየው አንገት ላይ ናት።

«ምን ትፈልጋለህ?» አሉት አንሙትን።

«ጥማድ በሬ አውጥቼባታለሁ፤ ጥማድ በሬ ትመልስልኝ። ጎልማሳነቴን መልሱ አላልኩም።»

«አንቺስ?»

«የራሴ በር» አለች ዓይናዲስ። «የገጠር ከተማው ዳር አንዲት ክፍል። ከውስጥ የምዘጋው በር ያላት። ሌላ አልፈልግም።»

«አንተስ?»

ልየው ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። «እኔ እንድትሸጥ አልፈልግም» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። «አባዬ የሳቀባት ናት። በማያውቃት ሰው ግድግዳ ላይ አትሰቀልም።»

«አብደሃል?» አለ አንሙት። «ቆላ የወረድከው ለነጋዴው አይደል?»

«ጋሼ፣ እኔ የወረድኩት ለአባዬ ነው። አንተ በሬህን የነዳኸው ለማን ነበር?»

አንሙት ወደ እኅቱ ዞረ። ሰው መልስ ሲያጣ ደካማ የመሰለውን ይመታል። «አንቺንስ ማን ደብቂ አለሽ? ያኔ እኮ ለማረሻ ነበረች! ሲመቱሽ ብትሰጫቸው ኖሮ ዛሬ ልጅ ነበረሽ።»

ዓይናዲስ አልጮኸችም። «አባዬ ሲያመጣት ‹ወንድምሽ ጎጆውን የከፈለባት ናት› አለኝ» አለች። «ስለ አባዬ ብረት አይደለም ዝም ያልኩት፣ ጋሼ። ስለ ቦራና ዳልቻ ነው።»

አንሙት ተቀመጠ። ማንገቻውን እጁ ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል።

ሽማግሎቹም ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ፣ «ምንጭ ከሌለ ወንዝ የለም፤ ባይገዛት ማን ይደብቃት፣ ማን ይጠግናት ነበር? የታላቁ ናት» አሉ። ሁለተኛው፣ «ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛል፤ ዋጋ በሞተ ጊዜ ያልጣለ ነው ባለቤት። የልጅቱ ናት» አሉ። ሦስተኛው፣ «የተገዛችውም የተደበቀችውም ሬሳ ነበረች፤ ነፍስ የዘራባት ታናሹ ነው» አሉ።

«ሽጠው ይካፈሉ!» አለ ከኋላ የቆመ አንድ ችኩል።

«ግዝቱስ?» አሉ መምሬ ፈንታ። «እኛ አገር ሟች የገዘተውን ከሟች በቀር የሚፈታው የለም። ፈቺው አፈር ገብቷል። እኔ እጄን አላስገባም።»

«እንግዲያው ዕጣ ይጣል።»

ይህን ጊዜ የሻረግ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። «ዕጣ የሚጣለው የከፈለ ላልታወቀበት ነገር ነው» አለች። «የኔ ልጆች ምን እንደ ከፈሉ አገር ያውቃል። ይህን ሁሉ በገለባ ዕጣ ልትፈርዱት ነው?»

«እንግዲያው እናት ናትና እሷ ትፍረድ» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። ሸክም ሲከብድ ሽማግሌ ሁሉ እናት አለች ይላል።

የሻረግ አፏን ከፈተች። አንሙትን አየችው፤ ዓይናዲስን አየቻት፤ ልየውን አየችው። ያ ምላሷ፣ ባሏን ሠርክ ያስደነገጠ ምላሷ፣ አልታዘዝ አላት። ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች።

ሸንጎው ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጠረ። ቅዳሜ ነጋዴው መጣና «የሦስት በሬ ዋጋ» አለ።

«አራት አላልክም?» አለችው የሻረግ።

«እማማ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ከየጉድጓዱ እያወጣ ነው። ሲበዛ ይረክሳል።»

«ለመሆኑ ወስደህ ምን ታደርጋታለህ? ትተኩስባታለህ?»

«ኧረ የለም! ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች።»

የሻረግ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ባሌም እኮ ግድግዳ ላይ ነበር የሚሰቅላት። ይህን ሁሉ መንገድ ምን አመጣህ?»

ሸንጎው እንደገና ተቀመጠ፤ እንደገና ተበተነ። በተከታዩ ገበያ ሁለት በሬ ሆነች። አንሙት ያን ዕለት በግልጽ አለቀሰ፤ የሱን ጥማድ ልክ ነበረቻ! «ዛሬ ስጡኝ፤ ከዛሬ ወዲያ አይበቃኝም» አለ። ዓይናዲስ፣ «የኔም በር እየጠበበ ነው» አለች። ልየው፣ «ማረሻም ብትሆን የአባቴ ናት» ብሎ መዝጊያዋን በእጁ ጨበጠ። ሽማግሎቹ ሌላ ሳምንት ቀጠሩ። ሽማግሌ ምን ቸገረው? በሬው የራሱ አይደለ።

ወንድምና እኅት መነጋገር ተዉ። አንሙት በአጥሩ በኩል አልፎ ሲሄድ እናቱን ሳይጠራ ያልፋል። ዓይናዲስ ጥጧን ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ ትፈትላለች። ልየው ሲንቀጠቀጥ ጋቢ የሚደርብለት እናቱ ብቻ ናት። አንድ ቀን ዓይናዲስ ጋቢውን አነሳች፤ ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ መልሳ አስቀመጠችው።

በመጨረሻው ገበያ ነጋዴው «የአንድ በሬ ዋጋ» አለ። «በሚመጣው ቅዳሜ አንዴ እመጣለሁ፤ ከዚያ በቃኝ። የሚገዙኝ ሰዎች ጠግበዋል።»

ያ ቅዳሜ ነገ ነው።

ዛሬ ዓርብ፣ ጥላው ሲረዝም፣ የሻረግ ሦስቱንም አስጠራች። «የያዛችሁትን ይዛችሁ ኑ» አለች። መጡ። አንሙት ማንገቻውን አስቀመጠ፤ ዓይናዲስ ገላዋን አስቀመጠች፤ ልየው እያመነታ ክሩን ከአንገቱ አወለቀ። የሻረግ በጣቶቿ እየዳበሰች ገጠመቻት። «ቀጭ» አለች እሜቴ። በአባታቸው ዘመን እንደነበረችው ሁሉ የእናታቸው ጉልበት ላይ ሙሉ ሆነች።

መሶብ ቀረበ። ያሳደገችበት ቤት ነው፤ ያደጉበት መሶብ ነው። እጁን የሰደደ የለም።

«ብሉ» አለች።

ሦስቱም እሜቴን ያያሉ።

«እህል አንበላም ማለት ከአባታችሁ ተማራችሁ? ያኔ አንዱ ተነስቶ በሬ ነዳ። ዛሬ ማን ተነስቶ ምን ይንዳልኝ?»

ከውጭ፣ በአጥሩ በኩል፣ ቀጥቃጩ ጆንያውን ተሸክሞ ቆሟል። ማረሻ ተወዷል ብሎ ነው የመጣው። «እመዬ፣ ብረት አለ?» ብሎ ተጣራ። «የለም» ብላ መለሰችለት። ሰውዬው ግን አልሄደም፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። የነጋዴው ዋጋ ሲያልቅ የሱ ይጀምራል።

የሻረግ እሜቴን ጉልበቷ ላይ እንዳጋደመች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባዶዎቹ ችካሎች እዚያው አሉ።

እኔ አልፈረድኩም። ከመምሬ አልበልጥም፤ ከእናትም አልበልጥም። እናንተ ግን ጠግባችሁ የተቀመጣችሁ፣ እንግዲህ ተከራከሩ። ውድ በነበረች ጊዜ በጎጆው የገዛት አለ። በረከሰች ጊዜ በሆዷ የጠበቀቻት አለች። ሬሳ በሆነች ጊዜ በደሙ ያስነሳት አለ። ልትካፈል አትችልም፤ ልትቆይም አትችልም። ነጋዴው ነገ ከቀትር በኋላ ይሄዳል፤ ቀጥቃጩ ግን ድንጋዩ ላይ ነው።

ፍጠኑና ንገሩኝ፤ እሜቴ ለማን ትገባለች?